«ልጁን ለውዝ እንዳታስነኪው!»

በ2000 የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚ ለእናቶች አንድ ምክር አወጣ። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው። አብዛኛው ታሪክ የፈረንጅ ስለሆነ ልቀይረው ብል እናንተንም እኔንም ማደናገር ነው የሚሆነው።) በዘሩ አለርጂ ያለበት ሕፃን የላም ወተት እስከ አንድ ዓመቱ፣ እንቁላል እስከ ሁለት ዓመቱ፣ ለውዝና ዓሣ ደግሞ እስከ ሦስት ዓመቱ አይቅመስ አለ። እንግሊዞች ከዚያ ሁለት ዓመት ቀድመው፣ በ1998፣ ስለ ለውዝ ተመሳሳይ ነገር ተናግረው ነበር። እነሱማ አለርጂ ያለበት ቤተሰብ ውስጥ ያለችውን ነፍሰ ጡርና አጥቢም ከለውዝ ብትርቅ ይሻላል ብለዋል።

በዚያው አስርት ዓመት ውስጥ ደግሞ እኛ አገር ጤና ጣቢያዎች ውስጥ ሌላ ነገር ይታይ ነበር። ስድስት ወር የሞላቸው፣ በምግብ እጥረት አጥንታቸው የቀረ ሕፃናት አፍ ውስጥ ከአንዲት ባለ 92 ግራም ፓኬት ቡናማ ነገር ተጨምቆ ይገባል። ፕላምፒናት ይባላል። በ1996 አንድሬ ብሪያን የተባለ ፈረንሳያዊ ሐኪም ከምግብ ባለሙያው ሚሼል ሌስካን ጋር የሠራው ነው፤ ከ2007 ጀምሮ ሂሊና የሚባለው ፋብሪካ እዚሁ አገር ውስጥ ያመርተዋል። አንዷ ፓኬት 500 ካሎሪ ትሰጣለች። ውስጧ ምን አለ? ዱቄት ወተት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ቪታሚን… እና የለውዝ ቅቤ።

አንዱ አገር «እስከ ሦስት ዓመቱ እንዳታስነኪው» የሚባልለት ምግብ ሌላው አገር ሕፃን ከሞት ይመልሳል። በርግጥ በረሃብ የደከመን ልጅ ማዳንና አለርጂን መከላከል ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ቢሆንም ጥያቄው አይቀርም፦ ለመሆኑ አንድ ምግብ ለአንድ ሕፃን የማይስማማ መሆኑን ሰው በምን አወቀ? ሕፃኑ አፍ የለው። «ጉሮሮዬን በላኝ» አይል፣ «ትናንት የበላሁት ነው» አይል። ያለቅሳል፣ ያስመልሳል፣ ገላው ሳማ እንደነካው ሰው ይንደባደባል። ከዚያ ወዲያ ያለው የአዋቂዎች ግምት ነው። የግምቱ ታሪክ ደግሞ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ በሚገርሙ ሰዎችም የተሞላ ነው።

(ከመቀጠሌ በፊት አንድ ነገር ላጥራ። እዚህ ላይ ለውዝ ስል መንገድ ላይ በወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ኦቾሎኒ ማለቴ ነው። የመጽሐፍ ቅዱሱ ለውዝ፣ የአሮን በትር ያፈራችው፣ የዛፍ ፍሬ ነው። እሱም ቆየት ብሎ ይመጣል።)

የፈረሱ ደም

አለርጂ የሚለው ቃል ራሱ የተወለደው ሕፃናት ሆስፒታል ውስጥ ነው። ቦታው ቪየና፣ ቅድስት አና የሕፃናት ሆስፒታል። ክሌመንስ ፎን ፒርኬ እና ቤላ ሺክ የሚባሉ ሁለት ወጣት ሐኪሞች እዚያ ይሠሩ ነበር። በዚያን ጊዜ ዘጊ አነዳ (ዲፍቴሪያ) የያዘው ልጅ የሚታከመው ከፈረስ ደም በሚወጣ ሴረም ነው። ሴረሙ ያድናል። ነገር ግን ሳምንት፣ አሥር ቀን ቆይቶ አንዳንዱ ልጅ ያተኩሰዋል፣ ሽፍታ ይወጣበታል፣ መገጣጠሚያው ያብጣል። ይኼው ልጅ በሌላ ጊዜ ሴረሙን ድጋሚ ቢወጋ ደግሞ ሳምንት መጠበቅ የለም፤ በሰዓታት፣ አንዳንዴም በደቂቃዎች ውስጥ ይነሳበታል።

ፒርኬና ሺክ በ1905 ይህንን «የሴረም በሽታ» ብለው መጽሐፍ ጻፉበት። ፒርኬ ግን በዚህ አላበቃም። መርፌው ያው፣ ፈረሱ ያው፤ የተለወጠው የልጁ ገላ ነው ብሎ አሰበ። ገላው የመጀመሪያውን መርፌ አስታውሷል። ከበሽታ የሚጠብቀን የሰውነት መከላከያ ራሱ በሽታ ሊያመጣ ይችላል ማለት ነው፤ ይኼ ያኔ ለብዙ ሐኪሞች የሚዋጥ አልነበረም። በ1906 ከግሪክኛ «አሎስ» (ሌላ) እና «ኤርጎን» (ሥራ) የሚሉትን አገናኝቶ አለርጂ አለው። እኛ ጋ ሲደርስ «አለርጂክ አለብኝ» ሆኗል። ሰዋስዉ ባይገጥምም ሁላችንም እንግባባበታለን። ለሰው ሳይቀር እንጠቀምበታለን፤ «ለእሱ ልጅ አለርጂክ ነኝ» ያላላችሁ እጃችሁን አውጡ።

ከፒርኬ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ፣ በ1901፣ ሻርል ሪሼ የተባለ ፈረንሳያዊ በሞናኮው ልዑል አልበርት መርከብ ላይ ሆኖ የባሕር እንስሳትን መርዝ ያጠና ነበር። ወደ ፓሪስ ሲመለስ ከጓደኛው ፖል ፖርቲየ ጋር ውሾች ላይ ቀጠለ። ሐሳባቸው ውሻውን በትንሽ በትንሹ መርዙን ማለማመድ ነው። ውጤቱ ተቃራኒ ሆነ። መጀመሪያ ተወግቶ ምንም ያልሆነው ኔፕቱን የሚባል ውሻ ከሳምንታት በኋላ ጥቂት መርዝ ቢሰጠው በደቂቃዎች ውስጥ ሞተ። ይህንን ድንገተኛ ነገር አናፊላክሲስ አሉት፤ ሪሼ በ1913 ኖቤል ተሸለመበት። ለውዝ የቀመሰ ልጅ ጉሮሮው አብጦ ትንፋሽ ሲያጥረው ዛሬም ሐኪም የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው።

የሽሎስ ልጅ

ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ታሪክ በ1912 ኒው ዮርክ ላይ የተጻፈው ነው። ኦስካር ሽሎስ የሕፃናት ሐኪም ነው። አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ይዘውለት ይመጣሉ። ልጁ እንቁላል፣ አልሞንድ (ይኸውላችሁ የአሮን በትር ለውዝ) እና አጃ ሲበላ ያብጣል፣ ገላው ይንደባደባል።

ሽሎስ ወላጆቹን ከሥር ከመሠረቱ ጠየቃቸው። ልጁ በተወለደ በአሥረኛው ቀን ተቅማጥ ይዞት የእንቁላል ነጭ ተሰጥቶት ነበር። ምንም አልሆነም። ከዚያ በኋላ እንቁላል ሳይነካ ቆየና በአሥራ አራት ወሩ ቀመሰ። ወዲያው ጮኸ፣ አፉን በእጁ ይቧጥጥ ጀመር፣ ምላሱና ጉሮሮው አበጠ፣ ሽፍታ ወረረው። አያችሁ ነገሩን? የመጀመሪያው ንክኪ ዝም፣ ሁለተኛው እሳት። የፒርኬ መርፌ፣ የሪሼ ውሻ።

ሽሎስ ቀጥሎ ያደረገው ነገር ቀላል ይመስላል። የልጁን ቆዳ በትንሹ ቧጨረና በጭረቶቹ ላይ የተለያዩ ምግቦችን አንድ በአንድ አኖረ። እንቁላሉ፣ አልሞንዱና አጃው ያረፉበት ቦታ ትንኝ እንደነከሰው አበጠ፤ ሌላው ዝም አለ። ቆዳን መቧጨር አዲስ አልነበረም። ቻርልስ ብላክሊ የተባለ የማንቸስተር ሐኪም በ1873 ባሳተመው መጽሐፍ የአበባ ብናኝን በገዛ ክንዱ ጭረት ላይ መሞከሩን ጽፏል፤ ፒርኬም በ1907 ለሳንባ ነቀርሳ ምርመራ ተጠቅሞበታል። ሽሎስ ግን በሕፃናት ምግብ ላይ አዋለው፤ እንቁላሉንም ከፋፍሎ ሄዶ ጥፋተኛው እንቁላሉ በሙሉ ሳይሆን ነጩ ውስጥ ያለ አንድ ፕሮቲን መሆኑ ላይ ደረሰ። ለመጀመሪያ ጊዜ «ልጁን ምን ያመዋል?» ለሚለው ጥያቄ የልጁ ገላ ራሱ መልስ ሰጠ ማለት ነው። እናት አልተወነጀለችም፣ ጡቷ አልተወነጀለም፣ ዓይነ ጥላም አልተጠራም።

ከዚያ ሽሎስ ልጁን ያንኑ ፕሮቲን በጣም በጥቂት መጠን እየሰጠ ያለማምደው ገባ። እንግሊዝ አገር ውስጥም በ1908 አልፍሬድ ስኮፊልድ የሚባል ሐኪም እንቁላል የሚያሳብጠውን የ13 ዓመት ልጅ የእንቁላል አንድ አሥር ሺኛ ብቻ ባለበት ክኒን ጀምሮ፣ መጠኑን ቀስ እያደረገ ጨምሮ፣ በመጨረሻ እንቁላል እስኪበላ አድርሶታል። ይህንን ያዙልኝ። ገና ከጅምሩ «አርቁት» ከሚለው ጎን ለጎን «በልኩ አቅምሱት» የሚል መንገድ ነበረ። ቀጥሎ የመጡት ሐኪሞች አብዛኛዎቹ የመጀመሪያውን መንገድ ያዙ፤ ሁለተኛው ለረጅም ጊዜ ተረሳ።

ሁሉም ጥፋተኛ ሲሆን

የቆዳ ምርመራው ዝነኛ ሆነ። ዝነኛ የሆነ ነገር ደግሞ ያለ አግባብ መዋሉ አይቀርም። ሃያ፣ ሠላሳ ምግብ ልጁ ጀርባ ላይ ይሞከራል፤ ያበጠው ሁሉ ከማዕዱ ይሰረዛል። ወተት ያለችው ጭረት አበጠች? ወተት ቀረ። ስንዴ? ቀረ። በኋላ እንደታየው ግን የቆዳ ማበጥ ብቻውን ልጁ ምግቡን ሲበላ ይታመማል ማለት አይደለም። በስንት ቤት ውስጥ ስንት ሕፃን ሊበላው የሚችለውን ምግብ ተከልክሎ ከስቶ ይሆን!

አልበርት ሮው የተባለ የካሊፎርኒያ ሐኪም ቆዳ አይታመንም ብሎ ሌላ ዘዴ አመጣ፤ በ1931 መጽሐፍ አወጣበት። የሚጠረጠሩትን ምግቦች በሙሉ አስቁም፣ እንደ ሩዝና የበግ ሥጋ ያሉ ጥቂት ምግቦችን ብቻ አስቀር፤ ሕመሙ ሲጠፋ የከለከልካቸውን አንድ በአንድ መልስ፤ የትኛው ሲመለስ ሕመሙ አብሮ እንደሚመለስ እይ። ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ ሁዳዴ ነው። ልዩነቱ በሮው ሥርዓት ፋሲካ ቀን ዶሮው፣ እንቁላሉ፣ አይቡና ቅቤው ተከታትለው አይገቡም። ወተቱ ዛሬ ከገባ እንቁላሉ ቀናት ቆይቶ ነው።

በዚህ መሐል ደም ውስጥ ያለውን ነገር የሚፈልጉ ነበሩ። በ1921 ብሬስላው ከተማ ውስጥ ሄይንዝ ኩስትነር የሚባል ሐኪም የበሰለ ዓሣ አይስማማውም። ባልደረባው ካርል ፕራውስኒትዝ የኩስትነርን ሴረም ወስዶ የገዛ ሆዱ ቆዳ ውስጥ ተወጋው። በማግስቱ እዚያው ቦታ ላይ የዓሣ ፈሳሽ ቢወጋ ቆዳው ተቆጣ። ለዓሣ ምንም ያልነበረው ሰው፣ ለዚያች ቦታ ብቻ የዓሣ አለርጂ ተበደረ። በደም ውስጥ የሚተላለፍ አንድ ነገር አለ ማለት ነው።

ይህ ግኝት ለሕፃናት ምርመራ ዋለ፤ እንዴት እንደዋለ ስሙ። ሕፃኑን መቶ ቦታ ከመቧጨር ይልቅ ከሕፃኑ ጥቂት ደም ይወሰድና ሴረሙ እናትየው ወይም ሌላ ጤነኛ ሰው ቆዳ ውስጥ ይወጋል። ምግቦቹ የሚሞከሩት እዚያ ላይ ነው። እናት ቃል በቃል በልጇ ፈንታ ታብጣለች! ዘዴው የቀረው ከሴረሙ ጋር የጉበት በሽታ እንደሚተላለፍ ሲታወቅ ነው።

ያ የሚተላለፈው ነገር ምን እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ እስከ 1966 መጠበቅ ነበረበት። ኪሚሺጌ እና ቴሩኮ ኢሺዛካ የሚባሉ ጃፓናውያን ባልና ሚስት ዴንቨር ውስጥ በገዛ ቆዳቸው ላይ እየሞከሩ አገኙት። ጊዜው ሳያልፍ በ1967 ኡፕሳላ ውስጥ ዮሃንሰንና ቤኒች የተባሉ ስዊድናውያንም በሌላ መንገድ ያንኑ ደረሱበት። ዛሬ አይጂኢ ይባላል፤ የሰውነት መከላከያ ከሚያመርታቸው ፀረ እንግዳ አካላት አንዱ ነው። ከዚያ ወዲህ ሕፃን ሳይቧጨር ደሙ ተቀድቶ፣ «ለእንቁላል የሚሆን አይጂኢ አለው ወይ?» ብሎ መጠየቅ ተቻለ።

ችግሩ ግን አልተፈታም። አይጂኢ መኖሩና መታመም አሁንም አንድ አይደሉም። እዚያው ዴንቨር ውስጥ ቻርልስ ሜይ የሚባል የሕፃናት ሐኪም በ1976 ያሳተመው ዘዴ ነው ነገሩን መስመር ያስያዘው። ምግቡን ደርቆ ተፈጭቶ በማያሳይ ካፕሱል ውስጥ ይከተዋል፤ ሌሎች ካፕሱሎች ውስጥ ምንም የማያደርግ ዱቄት ይከታል። የትኛው የትኛው እንደሆነ ልጁም፣ እናቱም፣ የሚመለከተው ሐኪምም አያውቁም። ካፕሱል ለማይውጥ ሕፃን በሌላ ምግብ ውስጥ ተደብቆ ይሰጣል። አሁን ግምት የለም፤ ወይ ይነሳበታል ወይ አይነሳበትም።

ባልደረባው አለን ቦክ በ1987 ያወጣው ጥናት ላይ ቆም በሉ። 480 ሕፃናትን ከተወለዱ ጀምሮ እስከ ሦስት ዓመታቸው ተከታተለ። ከመቶ 28ቱ ቤተሰብ ልጃቸው ላይ አንድ ምግብ አልተስማማውም ብለው ጠረጠሩ። በጥንቃቄ ተሞክሮ የተረጋገጠው ግን ከመቶ 8ቱ ላይ ነው። «እናቶች ያካብዳሉ» ለማለት የሚጠቀሙበት አሉ፤ እኔ አልስማማም። ሕፃን ሲያስመልስ ቆሞ የሚያየው ማነው? የጠረጠሩት ነገር ደርሷል፤ ልጁ ታሟል፤ ምክንያቱ ነው ሌላ የሆነው።

ጅማ

አይጂኢ አንድ ሌላ ሥራ አለው። ሰውነት የአንጀት ትልን ሲዋጋም ያመርተዋል። እዚህ ላይ ነው ታሪኩ እኛ አገር የሚገባው።

በ1989 ዴቪድ ስትራካን የሚባል እንግሊዛዊ ከአሥራ ሰባት ሺህ በላይ በሚሆኑ የአገሩ ልጆች መረጃ ላይ አንድ ነገር አየ፤ ብዙ ታላላቆች ያሉት ልጅ የአበባ ብናኝ አለርጂ ያንሰዋል። ታላላቆቹ የሚያመጡት ጉንፋንና ቆሻሻ ይጠብቀው ይሆን? ጥያቄው ይህ ከሆነ፣ ሰው ገና ከገጠር ኑሮ ወደ ከተማ ኑሮ እየተሸጋገረ ባለበት አገር ሄዶ ማየት ነው። የኢትዮጵያና የእንግሊዝ ተመራማሪዎች ጅማን መረጡ። በ1997 ላንሴት ላይ የወጣው ውጤት እንዲህ ነው፦ አስምና ደረትን ሲር ሲር የማድረግ ችግር ከተማው ውስጥ ከገጠሩ ይበዛል። የአቧራ ተባይ የቆዳ ምርመራ ሲደረግ ግን ቆዳው የሚያብጠው ሰው ገጠር ውስጥ አያንስም። ከተማ ውስጥ ቆዳው ያበጠ ሰው ደረቱም የመታመም ዕድሉ ይጨምራል፤ ገጠር ውስጥ ያ ግንኙነት የለም።

የሽሎስ ጭረት ጅማ ገጠር ውስጥ ሲደረግ ትርጉሙን አጣ ማለት ነው። በ2001 እዚያው ጅማ ላይ የተሠራ ሁለተኛ ጥናት ብዙ መንጠቆ ትል ያለበት ሰው ደረቱ ሲር ሲር የማለት ዕድሉ እንደሚያንስ አሳየ። (ትል ይሻላል ማለት አይደለም! መንጠቆ ትል ደም ይመጣል፣ ሕፃናትን ያቀጭጫል።) ቀጥሎ ቡታጅራ ላይ በ2005 እና 2006 ከአንድ ሺህ በላይ ነፍሰ ጡሮች ተመዝግበው ልጆቻቸው ከተወለዱ ጀምሮ ተከታተሏቸው። ከዚያ የወጣው አነጋጋሪ ግኝት ስለ ምግብ አልነበረም፤ ፓራሲታሞል አዘውትረው የተሰጣቸው ሕፃናት ላይ ሲር ሲር የሚል ደረት በዝቶ ታየ። መድኃኒቱ አመጣው ወይስ ቀድሞም ጤና የጎደላቸው ልጆች ናቸው መድኃኒቱን የወሰዱት የሚለው ክርክር ግን ዶሮዋና እንቁላሏ ዓይነት ነው።

የባምባ ከረጢት

ወደ ለውዙ እንመለስ። የ2000ው ምክር ወጥቷል፤ ወላጆች ታዘዋል። ለውዝ ከቤት ጠፋ፣ ከአፀደ ሕፃናት ጠፋ። አለርጂው ግን ቀነሰ? አሜሪካ ውስጥ በስልክ ቤተሰቦችን እየጠየቀ የተካሄደ ተከታታይ ጥናት በ1997 ከመቶ 0.4 የነበረው የሕፃናትና የልጆች የለውዝ አለርጂ በ2008 ከመቶ 1.4 መድረሱን አሳየ።

ጊዲዮን ላክ የሚባል ለንደን የሚሠራ የሕፃናት አለርጂ ሐኪም በዚህ መሐል ሁለት ነገር አጋጠመው። አንደኛው ብሪስቶል አካባቢ የተወለዱ ወደ 14,000 የሚጠጉ ሕፃናትን ያካተተ ጥናት ነው። በ2003 የታተመው ውጤት እንዳሳየው የለውዝ አለርጂ ያለባቸው ልጆች ላይ ጎልቶ የታየው እናትየው በእርግዝና ጊዜ ለውዝ መብላቷ አልነበረም። ችፌ የነበረበት ቆዳቸው ላይ የለውዝ ዘይት ያለበት ቅባት መቀባቱ ነበር። እናቶቹን «አትብሉ» እያሉ ሲከለክሉ፣ ለውዙ በሌላ በር፣ በቆሰለው ቆዳ በኩል ይገባ ነበር ማለት ነው።

ሁለተኛው የሚነገረው እንዲህ ነው። ላክ ቴል አቪቭ ውስጥ ለሐኪሞች ንግግር ሲያደርግ፣ ባለፈው ዓመት የለውዝ አለርጂ ያለበት ልጅ ያየ እጁን ያውጣ ይላል። ለንደን ውስጥ ቢሆን አዳራሹ በሙሉ እጅ በሆነ። እዚህ ሁለት ሦስት ሰው ብቻ። ለምን? ምሳ ላይ መልሱ ተገኘ፤ እስራኤል ውስጥ ሕፃኑ ሁሉ ባምባ ይበላል። እስራኤል ዘመድ ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ ትንንሽ፣ የተነፋ፣ አፍ ውስጥ የሚሟሟ፣ ለውዝ ለውዝ የሚል ነገር። ከ1960ዎቹ ጀምሮ አለ። ጥርስ ያላወጣ ሕፃን እንኳ ይመጠዋል።

ላክ፣ ጆርጅ ዱ ቱዋና ባልደረቦቻቸው በዘር እንዳይለያዩ ብለው እንግሊዝ ያሉ የአይሁድ ልጆችን ከእስራኤል አይሁድ ልጆች ጋር አወዳደሩ። በ2008 የወጣው ውጤት፦ እንግሊዝ ከመቶ 1.85፣ እስራኤል ከመቶ 0.17። አሥር እጥፍ! ከ8 እስከ 14 ወር ያሉ የእስራኤል ሕፃናት በወር 7 ግራም ገደማ የለውዝ ፕሮቲን ይበላሉ፤ የእንግሊዞቹ መካከለኛ ቁጥር ዜሮ። በዚያው ዓመት የአሜሪካው አካዳሚ የ2000ውን ምክር ማስረጃ የለውም ብሎ ተወው። እንግሊዞች በ2009 ተከተሉ።

ይኼ ግን ገና ግምት ነው፤ እስራኤልና እንግሊዝ በባምባ ብቻ አይለያዩም። ስለዚህ 640 ሕፃናት ተመረጡ፤ ከ4 እስከ 11 ወር ያሉ፣ ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለባቸው። ቆዳቸው ተሞክሮ ለለውዝ በኃይል የተቆጣው አልተካተቱም። ግማሹ እስከ አምስት ዓመቱ ለውዝ እንዳይቀምስ፣ ግማሹ በየሳምንቱ እንዲበላ ተደረገ። በየካቲት 2015 ውጤቱ ታተመ። በአምስት ዓመታቸው ለውዝ ካልቀመሱት ከመቶ 17ቱ አለርጂ ሆኑ፤ ከበሉት ከመቶ 3ቱ። ልጆቹ አሥራ ሦስት ዓመት ገደማ ሲሆናቸው እንደገና ታዩና በ2024 እንደተዘገበው ልዩነቱ አልጠፋም፤ ከመቶ 15 እና ከመቶ 4።

ቆዳ ማስጠንቀቂያ ያስተላልፋል፣ አንጀት ያስታርቃል፤ የላክ ሐሳብ በአጭሩ ይህ ነው። በ2006 ደግሞ ደንዲ ከሚገኘው ቡድን ጋር የሠሩ ተመራማሪዎች ቆዳን የሚያሽገው ፊላግሪን የሚባል ፕሮቲን በዘር የጎደለባቸው አውሮፓውያን ለችፌ እንደሚጋለጡ አሳይተው ስለነበር ሐሳቡ ደጋፊ አገኘ። በ2011 ኢትዮጵያውያን የችፌ ሕሙማን ላይ ያው ምርመራ ሲደረግ ግን የአውሮፓውያኑ የታወቁ ጉድለቶች አልተገኙም፤ አንድ አዲስ ብቻ ታየ። የእኛ ልጆች ቆዳ የሚቆስልበት ምክንያት በአብዛኛው ሌላ ነው።

የጨዋታው ሕግ አሁን ተገልብጧል። ከ2017 ጀምሮ የአሜሪካ መመሪያ ከባድ ችፌ ወይም የእንቁላል አለርጂ ያለበት ሕፃን መጀመሪያ ሐኪም አይቶት ከ4 እስከ 6 ወሩ ባለው ጊዜ ለውዝ እንዲጀምር፣ ቀለል ያለ ችፌ ያለበት ስድስት ወሩ ገደማ፣ ሌላው ከቤተሰቡ ምግብ ጋር እንዲቀምስ ይላል። በቅባት መልክ ቀጥኖ ወይም ተፈጭቶ ገንፎው ውስጥ ገብቶ ነው እንጂ ፍሬው አይደለም፤ ፍሬው ከአራት ዓመት በታች ያለን ልጅ ያንቃል። በ2025 የአሜሪካ የሕክምና መዝገቦችን ያገላበጠ ጥናት ከአዲሶቹ መመሪያዎች በኋላ የተወለዱ ሕፃናት ላይ የለውዝ አለርጂ መቀነሱን ዘግቧል።

በ2000 ወላጆቻቸው የታዘዙላቸው ሕፃናት ደግሞ ዛሬ የእኔ እኩዮች ናቸው። የለውዝ አለርጂ ከያዘው አምስት ልጅ የሚለቀው ለአንዱ ገደማ ነው። የቀሩት ምግብ ቤት በገቡ ቁጥር አስተናጋጁን ይጠይቃሉ፣ የብስኩት ልጣጭ ላይ የተጻፈውን ደቃቅ ጽሑፍ ያነባሉ፣ ቦርሳቸው ውስጥ የአድሬናሊን መርፌ ይዘው ይዞራሉ።